በበዓል ብቻ የሚሠራው ማሽን

ባለፈው ሰሞን ባሕር ዳር ላይ ላፕቶፔን ላሠራ ከአንድ የጥገና ቤት ገብቼ ወረፋ ስጠብቅ፣ ጠጋኙ ልጅ የአንድ ትልቅ ኮምፒውተር ሆድ ከፍቶ በመንፊያ ሲነፋው፣ የሞቀ ፕላስቲክና የከረመ አቧራ የተቀላቀለበት ሽታ ቤቱን ሞላው። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ አፍንጫውን በክንዱ ሸፈነ። እኔ ግን ለምን እንደሆነ ሳላውቀው ከወንበሬ ተነሥቼ ቀረብኩና አሸተትኩት፤ አንድ ነገር የጎደለው መሰለኝ፤ የጎደለው ዱቄት መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው። እኔ አጠገቡ ያደግሁት ኮምፒውተር ሲከፈት የሚሸተው የማሽላና የገብስ ዱቄት ነበር። "ግራፊክስ ካርዱ ስንት ነው?" አልኩት ልጁን። ቀና ብሎ አየኝና "አንድ ነዋ፤ ሁለት ደግሞ ማን ያስገባል?" ብሎ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ።

ሰቆጣ ላይ ቤታችን ወፍጮ ቤት ነበር፤ የምንተኛበት ክፍልና ወፍጮው የሚለያዩት በአንድ የጭቃ ግድግዳ ብቻ ነው። አባየ፣ መብራት ወደ ከተማችን ሲገባ ያን የሚያጓራ የናፍጣ ሞተር ሸጠው በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ያስተከሉ ሰው ናቸው፤ ከዚያ ወዲህ ወፍጮው ማጓራቱን ትቶ ማንጎራጎር ያዘ፣ ልክ እንደ ታረቀ ጎረቤት። ማክሰኞ ገበያ ሲቆም ከደሃና ድረስ እህል ጭነው የመጡ አህዮች ደጃችንን ይሞሉታል፤ ሴቶቹ ተራቸውን እየጠበቁ በአገሩ ቋንቋ፣ በኽምጣና ያወጋሉ፤ ዱቄቱ በግድግዳው ስንጥቅ እየሾለከ አልጋችን ላይ፣ ሽሯችን ውስጥ፣ የእማየ ሽፋሽፍት ላይ ሳይቀር ያርፋል። ተማሪ ቤት ስሜ ትርንጎ መሆኑን ከመምህሩ በቀር የሚያስታውስ አልነበረም፤ የምጠራው "ዱቄት" ተብዬ ነው። የወፍጮውን ድምፅ ግን አንሰማውም ነበር። ከእሱ ጋር ተወልደን፣ ከእሱ ጋር አድገን፣ ጆሯችን ውስጥ እንዳለ ደም ሆኖብን ነበርና የሚሰማን ሲያቆም ብቻ ነው። የሚያቆምበት ቀንም የታወቀ ነው፤ እሑድ፣ ከዚያ በየወሩ ሚካኤል፣ ማርያም፣ መድኃኔዓለም፣ ባለወልድ እያለ ይቀጥላል። አባየ በታቦት ቀን ወፍጮ የሚያዞሩ ሰው አልነበሩም፤ ቢያዞሩትም እህል ይዞ የሚመጣላቸው አልነበረም።

ወንድሜ ደሳለ የቤቱ ታላቅ ነው። በእሱና በእኔ መካከል የተወለዱት በሕፃንነታቸው ስላረፉ፣ በዕድሜ ብንራራቅም ተከታታዮች ነበርን። ወልድያ ሄዶ የኮምፒውተር ጥገና ተምሮ፣ ተመርቆ ተመለሰና ደጃፍ ላይ ተቀመጠ። ሥራ የለም። አብረውት የተማሩት፣ አብረውት ኳስ የሚራገጡት፣ አንድ በአንድ መጥፋት የጀመሩበት ጊዜ ነበር። እኛ ዘንድ "ሄደ" ከተባለ የት ተብሎ አይጠየቅም፤ መንገዱ አንድ ነው፣ በአፋር በረሃ ወርዶ ጅቡቲ፣ ከዚያ በጀልባ የመን፣ ከየመን በእግር ሳዑዲ። ደርሰው ለእናታቸው ቤት ቆርቆሮ ያለበሱ አሉ። ስልካቸው አንድ ቀን ዝም ብሎ የቀረም አሉ፤ የእነዚህ እናቶች ተዝካር ለማውጣት ልባቸው እምቢ እያለ፣ ለመጠበቅም አቅም እያጡ መካከል ላይ ቀርተዋል። እማየ ከእነዚህ ሴቶች አንዷን መንገድ ላይ ስታገኝ ሰላምታዋን ታሳጥር ነበር፤ ሕመሙ የሚተላለፍ ይመስላታል መሰለኝ።

ማሽኑን የላከው የእማየ ወንድም ነው። እሱ ራሱ በዚያው መንገድ ሄዶ ሪያድ ውስጥ የአንድ ሀብታም ቤት ዘበኛ ነበር፤ የቤቱ ልጅ አዲስ ሲገዛ አሮጌውን የጌም ኮምፒውተር ሰጠውና ወደ አገር ለሚመለስ ሰው አሸክሞ ላከልን። በስልክ ያስከተለው ቃል አጭር ነበር። "ደሳለ ይሄን ይዞ እዚያው ይሥራበት፤ እኔ በመጣሁበት መንገድ እንዳይመጣ" አለ። እማየ ካርቶኑን ከመክፈቷ በፊት እንደ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ተሳለመችው። ልጇን የሚያስቀርላት ነገር በካርቶን ተጠቅልሎ ሲመጣላት ምን ታድርግ?

ደሳለ ከወፍጮው ጎን ያለውን ክፍል አጽድቶ፣ ግድግዳውን ሰማያዊ ቀብቶ ጌም ቤት ከፈተ። ማሽኑ ጥቁር፣ ጎኑ መስታወት የሆነ፣ ውስጡ ቀይ መብራት የሚበራ ነበር፤ በመስታወቱ ውስጥ እንደ ጡብ የከበዱ ሁለት ግራፊክስ ካርዶች አንዱ ካንዱ በላይ ተደርድረው ይታያሉ። ደሳለ ለሚጠይቀው ሁሉ ሳይሰለቸው ያስረዳል፦ ሥዕሉን የሚሥሉት እነሱ ናቸው፣ አንዱ አንዱን ሥዕል ሲሠራ ሌላው ቀጣዩን ይሠራል፣ ስለዚህ መኪናው ሲሮጥ ዓይን አይደነቃቀፍም። አባየ ዱቄታቸውን አራግፈው ገብተው፣ ጎንበስ ብለው በመስታወቱ ሲያዩ ቆዩና "ጥማድ ነው በለኛ" አሉ። "ሁለቱ እኩል ከጎተቱ ደህና። አንዱ ከለገመ ግን የሌላውን አንገት ነው የሚጎዳው።" ደሳለ ሳቀ። እንዲያ ሲስቅ ካየሁት የመጨረሻዎቹ ቀናት አንዱ ያ ይመስለኛል።

የመክፈቻው ዕለት ክፍሉ በልጅ ተሞልቶ በር መዝጋት አልተቻለም ነበር። ጨዋታው የመኪና እሽቅድምድም ነው፤ ማታ፣ በአንድ ትልቅ የባዕድ ከተማ ውስጥ። እኛ በዕድሜያችን ሁለት ፎቅ ያየነው በስንት ጉድ ነውና፣ ያ ሁሉ መብራት፣ ያ ሁሉ መስታወት እያብለጨለጨ ሲያልፍ አንዳችንም አንተነፍስም። መኪናው ረጅም ዋሻ ውስጥ ይገባል፤ ከዋሻው ሲወጣ ዝናብ ይጀምራል፤ ያ ዝናብ ነበር የደሳለ ኩራት፣ እያንዳንዱ ጠብታ በመስታወቱ ላይ ለብቻው ይንሸራተታል ይል ነበር። የመጀመሪያው ተጫዋች ከዋሻው ወጣ፣ ዝናቡ ጀመረ፣ ማሽኑም ድርግም አለ። ክፍሉ ጨለመ፤ ጥቁሩ ስክሪን ላይ የሁላችንም ፊት ታየ፣ ከኋላ ደግሞ የደሳለ። ያን ጊዜ ፊቱ ላይ ያየሁትን ነገር ለመጥራት ያኔ ቃል አልነበረኝም። አሁን ፍርሃት ነው እላለሁ።

ከዚያ ፍለጋው ተጀመረ። በአገራችን ኮምፒውተር ሲታመም መጀመሪያ የሚታዘዝለት መድኃኒት ፎርማት ነው፤ ደሳለም ፎርማት አደረገው። አልዳነም። ድራይቨሩን አጥፍቶ እንደገና ጫነው። ካርዶቹን ነቅሎ፣ ከማሽኑ ጋር የሚገናኙበትን የወርቅ ጥርሳቸውን በእኔ ላጲስ እየፈተገ አጸዳቸው፤ ላጲሱ ጠቁሮ ሲመለስልኝ መምህሬ የከሰል ነጋዴ ልጅ ነሽ ወይ አለኝ። ሙቀት ይሆናል ብሎ መስታወቱን አወለቀና ተራ የሚጠብቁትን ልጆች በእማየ የእሳት ማራገቢያ እንዲያራግቡለት አደረገ፤ ማሽኑ እንደ ሙሽራ ከግራ ከቀኝ እየተራገበለት ሄዶ ከዋሻው ሲወጣ ድርግም አለ። ውስጡ የሚገባውን ዱቄት በየማታው ይጠርግ ነበር፣ በማግስቱ ተመልሶ ይነጣል። የእኔ ሥራ መጫወት ነበር። ጠዋት ከትምህርት በፊት፣ ከትምህርት በኋላ፣ "በይ ትርንጌ፣ አሁን ሞክሪው" ይለኛል፤ እኔም ተቀምጬ ያን መኪና ወደ ዋሻው እነዳዋለሁ። እንደ እኔ ተጫወቺ ተብሎ የታዘዘ ልጅ ሰቆጣ ውስጥ አልነበረም፤ እንደ እኔ ጨዋታ የፈራም አልነበረም። የዋሻው መብራቶች በራሴ ላይ ሲያልፉ፣ ከፊት ያ ግራጫ ቀዳዳ እየሰፋ ሲመጣ፣ መኪናውን አዘገየው ነበር። ከኋላዬ ደሳለ ትንፋሹን ይይዛል። ዝናቡ ሲጀምር፣ ድርግም።

አንዱን ካርድ አውልቆ በሌላው ብቻ ሲያስነሣው አይዘጋም፤ ግን ጨዋታው እየተጎተተ፣ እየተደነቃቀፈ ልጆቹ ያፏጫሉ። ካርዶቹን አቀያየራቸው፤ ያኛውም ብቻውን ደህና ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ብቻ ነው የሚሞቱት። ይህን ሲያይ ሁለቱ አይስማሙም ብሎ ደመደመ፣ አባየም ከግድግዳው ወዲያ ሆነው "አላልኩህም?" አሉት። በሬ ከበሬ እስኪላመድ ጊዜ ይፈልጋል፣ ታገሥ፣ አንድ ቀን ይስማማሉ አሉት። ከልባቸው ነበር። ቆየት ብለው ከወፍጮው ያገኙትን አምጥተው የመብራት መዋዠቅ የሚከላከል ስታብላይዘር ገዙለት፤ እሱም ርካሽ ነገር ስለነበረ ቀጭ ቀጭ ከማለት በቀር ያመጣው የለም።

ምክንያቱን አሁን ለማንም ብናገር ይስቃል፤ እኔም ያወቅሁት ነገሩ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው። ወፍጮው ነበር። የወፍጮውም የማሽኑም መብራት የሚመጣው በአንድ ቀጭን መስመር ነው፤ ያ ትልቅ ሞተር ሲዞር የመስመሩን ጉልበት ይመጠዋል፤ ማሽኑ በአንድ ካርድ ሲሠራ በተረፈው ይኖራል፣ ሁለቱ ካርዶች ዝናቡን ለመሣል አንድ ላይ ሲነሡ ግን የሚበቃቸው አያገኙምና ይወድቃል። ማታ ደግሞ ከተማው ሁሉ መብራቱን ሲያበራ መስመሩ ጭራሽ ይደክማል። ከግድግዳው ወዲያ አባየ የሰው እህል ይፈጫሉ፣ ከግድግዳው ወዲህ ልጃቸው ጥርሱን ይነክሳል። ወፍጮውን ግን ማንም አልጠረጠረውም፣ ማንም አይሰማውምና።

የምንሰማው ዝም ሲል ነው ብያለሁ። ወፍጮው ዝም የሚለው ደግሞ በታቦት ቀን ነው። የመጀመሪያው ሚካኤል ዕለት ልጆቹ ከቅዳሴ ወጥተው መጡ፤ መኪናው ከዋሻው ወጣ፣ ዝናቡ ጀመረ፣ ማሽኑም ሠራ። ቀኑን ሙሉ ሠራ። ደሳለ ዓይኑ እንባ አቅርሮ "ሚካኤል ረዳን" አለ፤ እማየም እልል አለች። በማግስቱ ወፍጮው ሲከፈት ማሽኑ ሞተ። ማርያም ዕለት ተነሣ። መድኃኔዓለም ዕለት ተነሣ። እሑድ ይነሣል፣ ሰኞ ይሞታል። እማየ ይህን መቁጠር ስትጀምር እልልታዋ ጠፋ፤ ቀስ ብላ፣ ቀን በቀን፣ ፊቷ እየከበደ ሄደ። እኛ ዘንድ በበዓል ቀን ማረሻ አይነካም፣ ልብስ አይታጠብም፣ ወፍጮ አይዞርም፤ ይህን ጨቅላ ሕፃን ያውቀዋል። ታዲያ በሥራ ቀን ለግሞ በበዓል ቀን ለሥራ የሚነሣው ማን ነው? አንድ ቀን ማሽኑ እየሠራ በሩ ላይ ቆማ በነጠላዋ አፏን ሸፍና አየችውና "የእግዚአብሔር ቢሆን ኖሮ ያርፍ ነበር" አለች። ከዚያ ወደ ኽምጣና ገባች፤ እማየ ወደ ኽምጣና ከገባች ደግሞ ነገሩ ከጸሎት ወይ ከልቅሶ አንዱ ነው።

የንስሐ አባታችን መምሬ ወልደ ሩፋኤል ተጠሩ። በሥራ ቀን እርሻ ላይ ስለሚውሉ መምጣት የቻሉት በአቦ ቀን ነው። ደሳለ ጠበሉ ማሽኑን እንዳይጎዳበት በማዳበሪያ ላስቲክ ጠቀለለው፤ እሳቸውም ያን የተጠቀለለ ነገር እየዞሩ ጸልየው ረጩት፣ ጠበሉ በላስቲኩ ላይ ኮለል ብሎ ወረደ፤ እኔ ሳቄን ለመያዝ ጣቴን ነከስኩ። ላስቲኩ ተፈትቶ ሲበራ፣ ማሽኑ ከምንጊዜውም በላይ ሠራ። መምሬም ወንበር ስበው ተቀምጠው፣ ዝናቡን ሲያዩ "ወይ ጥበብ" አሉ። እማየ ግን ፊቷ አመድ መሰለ፤ ጠበል ያልፈራ ምን ይፈራል? መምሬ ሲወጡ "ልጄ፣ እኔ የማላውቀውን ነገር ሰይጣን አልለውም፤ አንቺም አትበዪ" አሏት። አልሰማቻቸውም። ፍርሃት ጆሮ የለውም ይባል የለ? ከዚያ ቀን ጀምሮ በበዓል በሩ ላይ ቁልፍ ተንጠለጠለ፤ የሌሎቹም ልጆች እናቶች ይህን ሰምተው ልጆቻቸውን በበዓል ከለከሉ። ለደሳለ የቀሩት ማሽኑ የሚሞትባቸው ቀናት ብቻ ሆኑ። እማየ ከምንም በላይ የምትፈራው በረሃውን ነበር፤ ልጇን ወደዚያ እየገፋች መሆኗን የሚነግራት ግን አልነበረም።

በዚያ ጊዜ ነው ሰውዬው መምጣት የጀመረው። ንጹሕ ለባሽ፣ ረጋ ያለ፣ ንግግሩ ማር የሆነ ሰው ነበር፤ ሁልጊዜ ግድግዳው ሥር ካለው አግዳሚ ጥግ ይቀመጣል። አንድም ቀን አልተጫወተም። ማሽኑ ሲሠራ እሱም እንደ ሌላው ዝም ብሎ ያያል። ማሽኑ ድርግም ሲልና ደሳለ መፍቻውን ሲያነሣ ግን ሰውዬው መናገር ይጀምራል፤ ድምፁን ሳያነሣ፣ ለማንም ሳይሆን ለሁሉም፣ እገሌ ሳዑዲ ገብቶ ጂዛን ደረሰ፣ እገሌ በሁለተኛ ወሩ ለእናቱ ላከ፣ አሁን መንገዱ ቀሏል ይላል። ልጆቹ በጨለማው ስክሪን ፊት ተቀምጠው እሱን ይሰሙታል። ከጽጽቃ ለገበያ የሚመጡ፣ ከዋሻው ሲወጡ መሪውን እንደ ጅራፍ የሚያወናጭፉ ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ፤ አንድ ማክሰኞ ቀሩ። "ሄዱ" አለ አንዱ። ሰውዬው ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ። ደሳለ ብሎን እያጠበቀ ነበር፤ እጁ ቆመ፣ ከዚያ ማጥበቁን ቀጠለ። ማሽኑ በሞተ ቁጥር ያ አግዳሚ አንድ ሰው እየጎደለበት መሄዱን እኔ እንኳ፣ ልጅ ሆኜ፣ አይቼዋለሁ። ቀጥሎ የማን ተራ እንደሆነ ማሰብ ስለፈራሁ፣ ጥፍሬን እበላ ነበር።

ሰኔ ውስጥ በአንድ የሥራ ቀን የወፍጮው ቺንጋ፣ ሞተሩን ከድንጋዩ የሚያያይዘው ያ የጎማ ቀበቶ፣ ተበጠሰ። አባየ ሌላ ፍለጋ ሲሯሯጡ ዋሉ። እኔ ትምህርት ቤት ነበርኩ። ማታ ስመለስ ጌም ቤቱ ባዶ ነው፤ ማሽኑ ተገጥሟል፣ መስታወቱ ተመልሶ ብሎኖቹ አንድም ሳይጎድሉ ጠብቀዋል። ለወራት ሆዱ ተከፍቶ ስላየሁት፣ ተዘግቶ ሳየው የደነገጥኩትን አስታውሳለሁ። ደሳለን ያገኘሁት ወፍጮው ዘንድ ነው፤ ከአባየ ጋር ጎንበስ ብሎ አዲሱን ቺንጋ እየገጠመ ነበር። "ዛሬ አልሞክረውም?" አልኩት። ራሴን ዳበስ አድርጎ "ተይው፣ ይረፍ" አለኝ። ተስፋ የቆረጠ መሰለኝ። ከዚያ ወዲህ መፍቻውን አላነሣም፤ ጠዋት ጠዋት ለአባየ ጆንያ ይሸከማል፣ ከሰዓት አግዳሚው ላይ ይቀመጣል፣ ከሰውዬው ጎን። ለእማየ ውኃ መቅዳት ጀመረ፣ ሳይጠየቅ። እማየ "ልጄ ልብ ገዛ" ብላ ለጎረቤት አወራች። እኔ ግን ለሰው ሁሉ እንዲህ ደግ ሲሆን ሳየው ይጨንቀኝ ነበር፤ ደሳለ ነጭናጫ ሲሆን ነው ደህና የነበረ።

የሄደው በገበያ ቀን ነው፣ ጠዋት፣ ደጃችን በአህያና በሰው ተጨናንቆ። ለእማየ ወልድያ ሄጄ ለማሽኑ ዕቃ ልገዛ ነው አላት። ለአባየ በወፍጮው ጩኸት መካከል እጁን አነሣላቸው፣ እሳቸውም በዱቄት እጃቸው መለሱለት። እኔን አቀፈኝ፤ አቅፎኝ አያውቅም ነበር። በአህዮቹ መካከል ሲወርድ ጀርባው ላይ የእኔ መዳፍ በዱቄት ታትሞ አየሁት። በዚያ ቀን አግዳሚው ጥግ ያ ሰውዬ አልነበረም። በማግስቱም አልመጣም፣ ከዚያ ወዲያም።

ቀናት አልፈው ሳይመለስ ሲቀር እማየ መሄዱን አወቀች፤ አልጮኸችም፤ ተቀመጠች፣ በቃ። አባየ ወፍጮውን አቁመው፣ የተቀበሉትን እህል ለባለቤቶቹ መልሰው፣ በሩን ቆልፈው ሊፈልጉት ወጡ፤ ወልድያ፣ ከዚያም አፋር በረሃ እስካለችው ሎግያ ድረስ ወረዱ። ቤቱ ዝም አለ። በታቦት ቀን ካልሆነ በቀር ሰምቼው የማላውቀው ዝምታ በሥራ ቀን መጥቶ ተኛብን። አባየ በወጡ በሦስተኛው ወይ በአራተኛው ቀን፣ ረቡዕ መሆኑን ብቻ አውቃለሁ፣ ዝምታው ሲከብደኝ ወደ ጌም ቤቱ ገባሁና ማሽኑን አበራሁት። ዕቃውን መንካት አምሮኝ ነው እንጂ ሌላ አላሰብኩም። መኪናውን ወደ ዋሻው ነዳሁት። ከኋላዬ ትንፋሹን የሚይዝ ሰው አልነበረም። ከዋሻው ወጣሁ፣ ዝናቡ ጀመረ፣ ቀጠለ። ከተማውን ዞርኩት፣ እንደገና ገባሁ፣ እንደገና ወጣሁ። እማየ ድምፁን ሰምታ ከመደቧ ላይ ሆና "ዛሬ ማን ነው ቀኑ?" አለች። "ማንም አይደለም እማየ፣ ረቡዕ ነው" አልኳት። ያን እያልኩ ነው የገባኝ። ግድግዳውን አየሁት፤ ከግድግዳው ወዲያ ምንም ድምፅ አልነበረም።

ከወንበሬ ብድግ አልኩ። ደስታ ነበር፣ እውነተኛ ደስታ፤ ደሳለ እንዲደውል ብቻ ነው የቀረው፣ ከደወለ እነግረዋለሁ፣ ከነገርኩት ይመለሳል። የእማየን ስልክ ከእጄ አልለየውም ነበር፣ ሳጥብም፣ ስበላም። ለማንም አልተናገርኩም፤ መጀመሪያ እሱ ይስማው ብዬ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ እማየ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ሳለ፣ የማላውቀው ቁጥር ጠራ። እሱ ነበር። ከድምፁ ጋር የነፋስ ድምፅ ይመጣ ነበር፣ ባሕሩ ዳር ነን አለኝ፣ ስልኩ የሰው ነው፣ ቶሎ በይ።

"ደሳለ፣ አገኘሁት" አልኩት። "ማሽኑን የሚዘጋው ወፍጮው ነው። አባየ ስላቆሙት አሁን ይሠራል። ተመለስ።"

የነፋሱ ድምፅ ሲበረታ የተቋረጠ መስሎኝ ስሙን ጠራሁት።

"እሱንማ አውቄው ነበር፣ ትርንጌ" አለ። "ቺንጋው የተበጠሰ ዕለት ነው ያወቅሁት።"

"ታዲያ ለአባየ ለምን አልነገርካቸውም?"

"ብነግራቸው ያቆሙት ነበር።"

ከዚያ በኋላ የተናገረው ጥቂት ነው። እንዳትነግሪያቸው አለኝ፣ መቼም። እናቴን ሳሚልኝ አለኝ። ሊጭኑን ነው አለና ስልኩን ለባለቤቱ መለሰ። ያ ቁጥር ከዚያ ወዲህ አላነሣም፣ እሱም ደግሞ አልደወለም፤ አጎቴ ሪያድ ላይ ሆኖ የተሻገረውን ሁሉ ጠየቀ፣ አየሁት ያለ የለም።

አባየ ጠቁረው፣ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቆ ተመለሱና ወፍጮውን ከፈቱ፤ ሰው እህል ይዞ ደጅ ቆሞ ነበር። ማሽኑ ላይ እማየ ነጠላዋን አለበሰችው፤ ሰይጣን ማለቱንም ተወች፣ አንዳንዴ ስታልፍ በመዳፏ ትነካው ነበር። እሷም ሲጨልም ብቻዋን የምትቀመጥ፣ ሰላምታዋን ሰዎች የሚያሳጥሩባት እናት ሆነች፤ ተዝካሩን ሳታወጣ፣ መጠበቁንም ሳትተው አረፈች። የሰሜኑ ጦርነት ሲመጣ ወፍጮው ተነቅሎ ተወሰደ፣ ማሽኑም፣ የጌም ቤቱ በርም፤ ሰማያዊው ግድግዳ ብቻ ቆሞ ቀረ። እዚያ አግዳሚ ላይ ይቀመጡ ከነበሩት ልጆች ዛሬ ሰቆጣ ውስጥ ያለ አላውቅም።

አባየ አሁን ከእኔ ጋር ባሕር ዳር ናቸው። በረንዳው ላይ ተቀምጠው ይውላሉ፤ ዝምታውን ገና አልለመዱትም፣ እንቅልፍ የሚወስዳቸው የጎረቤት የውኃ ፓምፕ ሲነሣ ነው። ላፕቶፔን አሠርቼ የተመለስኩ ዕለት እጄ ላይ አይተውት ምን ሆኖ ነበር አሉኝ፤ አቧራ ነው አልኳቸው። ከዚያ፣ በየጊዜው የሚሉትን አሁንም አሉት። "የዚያ ልጅ ማሽንስ ምን ነበር የጎደለው? ምን ነበር ቢነግረኝ? የጎደለው ነገር እኔ እጅ ካለ እሰጠው አልነበረም?"

"አናውቅም ነበር፣ አባየ" እላቸዋለሁ። ሁልጊዜ የምላቸው እንደዚያ ነው።